የትእዛዝ ቃል፦ የመምህር አትናቴዎስ ዓምደ ሚካኤል የሕይወት ታሪክ

በ1946 ዓ.ም. የኅዳር ሚካኤል ታቦት ወደ መንበሩ በተመለሰበት ቀትር፣ ከራቤል ከተማ ወጣ ብሎ ባለው ደብር፣ የመሪጌታ ዓምደ ሚካኤል ወልደ ሐናና የወይዘሮ ጌታነሽ አፈወርቅ ሦስተኛ ልጅ ተወለዱ። አባታቸው የደብሩ የዜማ መምህር ነበሩ። ታቦቱን አስገብተው ወደ ቤታቸው ሲመለሱ የምሥራቹን ሰሙ፤ ካባቸውን ሳያወልቁም አትናቴዎስ ብለው ስም አወጡ። ዛሬ የምንሸኛቸው መምህር አትናቴዎስ እኚያ ልጅ ናቸው።

ፊደል የቆጠሩትም ዳዊት የደገሙትም በአባታቸው እግር ሥር ነው። በዐሥራ ሦስት ዓመታቸው ቅኔ ለመማር ወደ ወሎ ተሻግረው አምስት ዓመት ቆዩ። የቅኔ መምህራቸው የተማሪ ቅኔ ሲያርሙ፣ "ሁለት የማይወልድ ቃል መካን ነው" ይሉ እንደ ነበር መምህር አትናቴዎስ ደጋግመው ያነሡት ነበር። አንዱን ቃል በሁለት ፍች ማናገር፣ ማለትም ኅብረ ቃል መፈለግ፣ የወጣትነታቸው ትልቁ ደስታ ነበር። በአንድ የትንሣኤ በዓል የተቀኙትን ቅኔ የደብራቸው ካህናት እስከ ዛሬ በቃላቸው ይሉታል።

በ1964 ዓ.ም. ወደ ደብረ ብርሃን ወርደው ቀን ዳዊትና ውዳሴ ማርያም በብራና እየገለበጡ፣ ማታ ማታ ዘመናዊ ትምህርት ተከታተሉ። በ1969 ዓ.ም. ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨረሱ። በተከታዩ ዓመት ወደ ጦሩ ገቡ። ምልምሎችን ሲመዘግብ የነበረው መኮንን የእጅ ጽሑፋቸውን አየና ወረቀቱን አንሥቶ ለጓደኛው፣ "ይሄን ሰው ጠመንጃ ብናስይዘው ኃጢአት ነው" አለው ይባላል። ስለዚህም ለመኮንኖች የጦርነት ታሪክና የጦር አመራር አሳብ በሚሰጥበት አንድ ማሠልጠኛ ውስጥ በትርጉም ክፍል ተመደቡ።

በዚያ ማሠልጠኛ የውጭ አገር መምህራን ያስተምሩ ነበር። አስተርጓሚው የሰማውን በቃል ይናገራል፤ መምህር አትናቴዎስ ደግሞ የተባለውን ለመኮንኖቹ በሚገባ አማርኛ አስተካክለው ይጽፋሉ። ርእሶቹ ሰፊ ነበሩ፤ የጥንት ሠራዊቶች እንዴት እንደ ተሰለፉ፣ ትንሽ ጦር ትልቁን እንዴት እንዳደከመው፣ ስንቅ ያለቀበት ንጉሥ እንዴት ሳይዋጋ እንደ ተሸነፈ፣ ስትራቴጂ የሚባለው ነገር ከአንድ ቀን ውጊያ በምን እንደሚለይ። ዘጠኝ ዓመት ባልሞላ ጊዜ ስድሳ ሦስት ትምህርቶችን ወደ አማርኛ መለሱ። ኋላ ላይ ሩሲያኛ ተምረው ያለ አስተርጓሚም መሥራት ችለው ነበር።

ሥራው እንደ ቅኔ ቤት ነበር ይሉ ነበር። ለአንድ ቃል ሳምንት የሚቀመጡበት ጊዜ ነበር። "ለመዋጋት ቃል ሞልቶናል፤ ስለ ውጊያ ለማሰብ ግን ያንሰናል" የሚለው አባባል የእሳቸው ነው። የጎደለውን ቃል ለመሙላት መጀመሪያ የሄዱት ወደ አባቶች አነጋገር ነው። ፊታውራሪ፣ ቀኝ አዝማች፣ ግራ አዝማች የምንላቸው ስሞች ማዕረግ ከመሆናቸው በፊት ሰው በሰልፍ ላይ የሚቆምበትን ቦታ ይናገሩ እንደ ነበር ለመኮንኖቹ ሲያስረዱ፣ የውጭ አገሩ መምህር ራሱ ማስታወሻ ይይዝ ነበር። ደጀን የሚለውን ቃል ለኋላ ጦር መልሰው ያስለመዱት በዚህ መንገድ ነው።

በ1974 ዓ.ም. በዚያው ክፍል በጽሕፈት መኪና ጸሐፊነት ይሠሩ ከነበሩት ከመርሐ ቤቴ ተወላጇ ከወይዘሮ ዘነበች ጋር በሥርዓተ ተክሊል ጋብቻቸውን ፈጸሙ። ትውውቃቸው የጀመረው በጭቅጭቅ ነው። ወይዘሮ ዘነበች የሚተይቡትን ሁሉ እያነበቡ የሚተይቡ ሰው ናቸው። ያልገባቸው ዐረፍተ ነገር ሲያጋጥማቸው ወረቀቱን ከመኪናው አውጥተው ወደ ጠረጴዛቸው ይመጡና፣ "መምህር፣ ይሄ ያምራል። ግን ይገባል?" ይሏቸው ነበር። መምህር አትናቴዎስ ከዚያች ሴት በቀር ማንም እንዲህ የጠየቃቸው እንዳልነበረ ይናገሩ ነበር።

በ1976 ዓ.ም. ሦስት መቶ አርባ ቃላት የያዘ የትእዛዝ ቃላት መፍቻ አዘጋጁ። በጦር ሜዳ በሬዲዮ የሚተላለፉ ትእዛዞች ሁሉ በአንድ ዓይነት አማርኛ እንዲነገሩ የታሰበበት ትንሽ መጽሐፍ ነው። በባዕዱ ቋንቋ ሁለት የተለያዩ ትእዛዞች ነበሩ። አንደኛው ቦታህን ለጠላት አትልቀቅ የሚል ነው። ሁለተኛው ሌላ ቃል እስኪመጣልህ ባለህበት ሁን የሚል ነው። መምህር አትናቴዎስ ሁለቱንም "ጠብቅ" ብለው መለሷቸው። ዘብ ድልድይ ይጠብቃል፤ መንገደኛም መኪና ይጠብቃል። አንዲት የአማርኛ ቃል ሁለት የባዕድ ቃል መሸከሟ በጣም ደስ አሰኝቷቸው ነበር።

ወይዘሮ ዘነበች ገጹን ሲተይቡ እንደ ልማዳቸው ተነሥተው መጡ። "ይሄኛው ጠብቅ እንደ ዘብ ነው እንደ መንገደኛ?" ብለው ጠየቁ።

"ከዐውዱ ይታወቃል" አሉ መምህር አትናቴዎስ።

መፍቻው ታትሞ ተሠራጨ።

በ1980 ዓ.ም. በሰሜን ግንባር በአንድ ሸንተረር ላይ ዘጠና አራት ወታደሮች የያዘ ሻምበል ሰፍሮ ነበር። አዛዡ የቀየት ተወላጅ የሆኑት መቶ አለቃ ተክለጻድቅ በዕውቀቱ ነበሩ። ከሁለት ዓመት በፊት በማሠልጠኛው በመምህር አትናቴዎስ ክፍል ተምረዋል። ዝምተኛ ነበሩ፤ ትምህርቱ ሲያልቅ ቀርተው ስለ አገር ቤት ዝናብና ስለ ገብሱ የሚጨዋወቱ፣ የአገር ልጅ። ማለዳ የተሰጣቸው ትእዛዝ ጠላት ቢመጣ ወደ ኋላው ሸንተረር እንዲያፈገፍጉ ነበር። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ግን በሬዲዮ አዲስ ቃል መጣ፤ "እስከ አሥር ሰዓት ጠብቁ" የሚል። የበላይ አዛዦች ማለታቸው እስከ አሥር ሰዓት ባላችሁበት ቆዩ ነው፤ የማለዳውን ትእዛዝ አልሻሩም። ሸንተረሩ ላይ የደረሰው ግን ቦታውን አትልቀቁ የሚል ሆኖ ነው። ስምንት ሰዓት ላይ ጠላት መጣ። ሻምበሉ አላፈገፈገም። ከዘጠና አራቱ የተመለሱት ሃያ ሰባት ናቸው። መቶ አለቃ ተክለጻድቅ አልተመለሱም።

ከወር በኋላ የሆነውን የሚያትት ሪፖርት ለትምህርት እንዲሆን ተስተካክሎ እንዲጻፍ ወደ ትርጉም ክፍሉ መጣ። "የሻምበሉ አዛዥ እንዲያፈገፍግ የተሰጠውን ትእዛዝ ባለመጠበቁ" ይላል። መምህር አትናቴዎስ የሬዲዮውን መልእክት ቃል በቃል ከሪፖርቱ ጋር ተያይዞ አዩት። ምን እንደ ሆነ ለመረዳት ሁለተኛ ማንበብ አላስፈለጋቸውም። ቃሉን ሳይለውጡ ገለበጡት። ወይዘሮ ዘነበች ሊተይቡት ሲቀበሉ ጣታቸውን ቃሉ ላይ አሳርፈው ቀና ብለው አዩዋቸው። እሳቸው ወደ ጠረጴዛቸው አጎነበሱ። ሪፖርቱ እንደ መጣ ተተየበ።

በኋለኛው ዘመን፣ ያን ጊዜ ለምን ዝም እንዳሉ ሲጠየቁ፣ "ፈራሁ" ይሉ ነበር። በዚያ ላይ ሌላ ምክንያት ጨምረው አያውቁም።

በተከታዩ ዓመት መፍቻው ሲታረም ጠብቅ የሚለውን ቃል አውጥተው በምትኩ "ያዝ" እና "ቆይ" የሚሉ ሁለት ቃላት አስገቡ። ምክንያቱን ግን አልጻፉም።

በ1983 ዓ.ም. ጦሩ ሲበተን ከባለቤታቸውና ከሁለት ልጆቻቸው ጋር ወደ ትውልድ አገራቸው ወደ ራቤል ተመለሱ። ለሦስት ዓመት የአባታቸውን መሬት አረሱ። በ1986 ዓ.ም. በራቤል የታሪክ መምህር ሆነው ተቀጠሩ፤ በክረምት መርሐ ግብርም ተምረው በታሪክ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን አገኙ። እስከ 2006 ዓ.ም. በጡረታ እስኪገለሉ ድረስ ሃያ ዓመት አስተማሩ።

ያስተማሯቸው ተማሪዎች የማይረሱት አንድ ትምህርት አለ። ክፍሉን በሙሉ ይዘው ገደሉ አፋፍ ላይ ይወጡና፣ "ጠላት ከወንዙ ማዶ ይመጣል። የት ትሰፍራላችሁ?" ይላሉ። ሁሉም ወደ አምባው ጫፍ ይጠቁማል። "ጥሩ ነው። ውሃውስ?" ይላሉ። አምባው ላይ ውሃ የለም። አንዱ ጎበዝ ምንጩ ዘንድ እንሰፍራለን ሲል፣ "እሱም ጥሩ ነው። ከላይ ድንጋይ ሲንከባለልባችሁስ?" ይላሉ። ልጆቹ እርስ በርሳቸው መጨቃጨቅ ሲጀምሩ እሳቸው ድንጋይ ላይ ቁጭ ይላሉ። ደወሉ ሲቃረብ የሚናገሩት ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ "የጦር አሳብ ታሪክ ማለት ይኸው ክርክር ነው። መጀመሪያ የሚጠየቀው እንዴት እናሸንፋለን አይደለም፤ እዚህ ለምን ቆምን ነው።"

ተማሪዎቻቸው ሌላም ነገር ደርሰውበት ነበር። መምህራቸው "ጠብቅ" የሚለውን ቃል ከአፋቸው አያወጡም። "ቆየኝ" ይላሉ እንጂ "ጠብቀኝ" አይሉም። ተንኮለኞቹ ቃሉን ሊያስወጧቸው ብዙ ሞክረዋል። አንዷ፣ "መምህር፣ በር ላይ ያለው ዘበኛ ሥራው ምንድን ነው?" ስትላቸው፣ "ቆሞ ማደር" አሏት። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ፤ እሳቸውም አብረው ሳቁ።

ሳቃቸው ግን ከላይ ነበር። ከራቤል ቀየት ቢበዛ የአንድ ቀን መንገድ ነው። የመቶ አለቃ ተክለጻድቅ እናት ወይዘሮ አየለች በሕይወት መኖራቸውን ያውቃሉ፤ አጥቢያቸውንም ያውቃሉ። የልጃቸው መርዶ በ1980 ዓ.ም. ሲነገር፣ በሪፖርቱ መሠረት ከጦሩ ከተጻፈው ደብዳቤ ላይ "ትእዛዝ ባለመጠበቁ" የሚለው ለአገሩ ሁሉ ተነብቦ ነበር። በአገራችን ወታደር የሞተ እንደሆነ ፎቶግራፉና ልብሱ ተይዞ ይዞራል፣ ወንዶች ይፎክራሉ፣ አልቃሽ ሥራውን እያነሣች ሙሾ ታወጣለች። ለመቶ አለቃ ተክለጻድቅ የፎከረ አልነበረም። አልቃሿም ስለ ልጅነታቸው ብቻ አንሥታ ተወችው። ሻምበሉን ያስፈጀ የሚል ሹክሹክታ ከለቅሶው ድንኳን ተነሥቶ ገበያ ደረሰ። መምህር አትናቴዎስ ይህን ሁሉ ሰምተዋል። ለገበያ ወደ ቀየት የሚሄድ ሰው ሲያጋጥማቸው ስለ ገብሱ ዋጋ ጠይቀው ይመለሱ ነበር እንጂ ራሳቸው አልሄዱም።

የንስሐ አባታቸው ቄስ ሰለሞን ነገሩን በንስሐ ሰምተው ቀኖና ሰጥተዋቸው ነበር። ቀኖናውን በፈጸሙ ጊዜ ቄሱ የተናገሯቸውን መምህር አትናቴዎስ ለቤተሰቡ ደብቀው አያውቁም፤ "እግዚአብሔር ሰምቶሃል። እናትየዋ ግን አልሰማችም" ብለዋቸዋል።

መንገዱ የተከፈተው በ1997 ዓ.ም. ክረምት ነው። ለፈተና እርማት ደብረ ብርሃን ከተሰበሰቡት መምህራን አንዱ፣ የመርሐ ቤቴ ሰው፣ "ቆየኝ" ሲሉ ሰምቶ፣ "እርስዎም እንደኛው ሬዲዮ ሠሪ ነዎት" አላቸው። ዓለም ከተማ መናኸሪያው አጠገብ ሬዲዮ የሚጠግን አወቀ የሚባል የቀድሞ ወታደር አለ፤ እሱም "ጠብቅ" አይልም፤ ሰው ሲለው እንኳ ፊቱ ይለወጣል። መምህር አትናቴዎስ የዚያን ቀን የቀረውን ወረቀት ማረም እንዳልቻሉ ተናግረዋል።

እርማቱ ሲያልቅ ከደብረ ብርሃን ተነሥተው፣ በሙከጡሪ ዞረው፣ ሁለት ቀን በአውቶቡስ ተጉዘው ዓለም ከተማ ደረሱ። ማን እንደ ሆኑ ሲናገሩ አቶ አወቀ ከሚጠግኑት ሬዲዮ ላይ ቀና አላሉም። "ሥራ ላይ ነኝ፣ መምህር" ብለው ሱቃቸውን ዘጉ። በጥቅምት 1998 ዓ.ም. ተመልሰው ሄዱ፤ ሱቁ ተዘግቶ ቆያቸው። ሦስተኛ ጊዜ፣ በዚያው ዓመት በፋሲካ ሰሞን ሲሄዱ፣ አቶ አወቀ ወንበር አቀረቡላቸው።

መምህር አትናቴዎስ ስለ መፍቻው ተናገሩ፤ ቃሉን ያስገቡት እሳቸው መሆናቸውን፣ ሪፖርቱንም እያወቁ መገልበጣቸውን።

አቶ አወቀ እስከ መጨረሻው ካዳመጡ በኋላ፣ "እርስዎ ቃሉን ነው የጻፉት። የመረጥኩት እኔ ነኝ" አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። አቶ አወቀ የሻምበሉ የሬዲዮ ሠራተኛ ነበሩ። "ጠብቁ" የሚለው ቃል ሲደርሳቸው መቶ አለቃው፣ "ያዙ ነው ወይስ ቆዩ?" ብለው ጠየቋቸው። አቶ አወቀ ወደ በላይ አካል መልሰው ጠየቁ፤ ከዚያ በኩል ያለው ሰው፣ "አማርኛ አታውቅም እንዴ?" ብሎ ዘጋባቸው። ሁለተኛ ለመጠየቅ አፈሩ። ለአዛዣቸውም "ያዙ ነው" አሏቸው። ዐሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ሁለቱ ሰዎች፣ አንዱ በራቤል አንዱ በዓለም ከተማ፣ ጥፋቱ የብቻዬ ነው ብለው ኖረዋል።

"እናታቸውን ያውቃሉ?" አሉ አቶ አወቀ።

"አውቃለሁ" አሉ መምህር አትናቴዎስ። "እስካሁን ያልሄድኩት ምስክር ፍለጋ ነው እያልኩ ነበር። አሁን ምስክሩ ተገኘ፤ ሰበቡም አለቀ።"

በ1999 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ አብረው ቀየት ሄዱ። ወይዘሮ አየለች ደጃቸው ላይ ገብስ በሰፌድ ያበጥሩ ነበር። እንግዶቹን አስቀምጠው ሥራቸውን ሳያቆሙ አዳመጡ። አቶ አወቀ ድርሻቸውን ተናገሩ፤ ቀጥሎም መምህር አትናቴዎስ።

"ወረቀቱን የጻፍከው አንተ ነህ?" አሉ ወይዘሮ አየለች።

"እኔ ነኝ፣ እናቴ።"

"ውሸት መሆኑን እያወቅህ?"

"እያወቅሁ።"

"ከየት ነው የመጣኸው?"

"ከራቤል።"

"ከራቤል" አሉና ገለባውን እፍ አሉት። "ከራቤል ቀየት ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት? ኤሊም ብትሆን እስካሁን ደርሳ ተመልሳ ነበር።"

መምህር አትናቴዎስ ተንበርክከው ይቅርታ ሲጠይቁ፣ "ተነሥ። ይቅርታህ ይቆየን። መጀመሪያ የልጄ ለቅሶ ይለቀስ" አሏቸው።

ሽማግሌዎች ሲሰበሰቡ ነገሩ አከራከረ። ተዝካሩ ወጥቶ ያለቀለትን ሰው መልሶ ማልቀስ አልተለመደም። "የዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሬሳ ይለቀሳል ወይ?" ያሉም ነበሩ። ወይዘሮ አየለች፣ "ሬሳውን አይደለም። ስሙን ነው የማስለቅሰው" አሉ። ከዚያ በኋላ የተከራከረ የለም።

ጥር ላይ ለቅሶው ተቀመጠ። የመቶ አለቃ ተክለጻድቅ ፎቶግራፍና የደንብ ልብስ ወጣ። መምህር አትናቴዎስ በሕዝቡ መካከል ቆመው የሆነውን በግልጽ አማርኛ ተናገሩ። ድምፃቸው አነስተኛ ስለ ነበር ከኋላ ያሉት፣ "አልተሰማም፣ ድገመው" ይሉ ነበር፤ እሳቸውም ደገሙት። ከሕዝቡ መካከል አንድ ሰው፣ "የወረቀት ጀግና" ብሎ ሰደባቸው። አቶ አወቀ ሊመልሱለት ሲነሡ መምህር አትናቴዎስ እጃቸውን ያዟቸው። ከዚያ አንድ አዛውንት ጋቢያቸውን አደግድገው ወደ መሃል ገቡና ስለ መቶ አለቃው ፎከሩ። ሌላው ተከተላቸው። አልቃሿ ያን ጊዜ ያቋረጠችውን ሙሾ ከሸንተረሩ ጀምራ አወረደችው። ወይዘሮ አየለች ያለቀሱት ያን ቀን ነው።

ይቅርታውን ወዲያው አላገኙም። በየዓመቱ ጥር ላይ ወደ ቀየት እየሄዱ ከዓመት ዓመት ያሰባሰቡትን የስድሳ ሰባቱን ሙታን ስም በቤተ ክርስቲያን ደጅ ያነቡ ነበር። በአራተኛው ዓመት ወይዘሮ አየለች፣ "ከእንግዲህ እንደ ባለ ዕዳ ሳይሆን እንደ ዘመድ ና" አሏቸው። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ቤቶች በሠርግም በሐዘንም አልተለያዩም።

መምህር አትናቴዎስ ለረጅም ዓመታት ሲያሰባስቡት የኖሩትን ጽሑፍ በ2009 ዓ.ም. ጨረሱ። አራት መቶ ዐሥራ ሁለት ገጽ ያለው የጦር አሳብ ታሪክ ነው። ስለ ስንቅ፣ ስለ ሰፈር አመራረጥ፣ ስለ ማፈግፈግ ይተነትናል። ማፈግፈግ ከመሸሽ በምን እንደሚለይ የሚያስረዳው ክፍል ረጅሙ ነው፤ ምክንያቱም፣ ይላሉ፣ በእኛ አገር ወደ ኋላ ለሄደ ሰው የሚዘፈን ዘፈን ስለሌለ ብዙ ሰው በከንቱ አልቋል። አምስተኛው ምዕራፍ የትእዛዝ ቃል ይባላል። የጥንት ጦር በነጋሪትና በእምቢልታ፣ በጭስና በሰንደቅ ይታዘዝ የነበረበትን ምክንያት ሲመረምሩ፣ "ነጋሪት ቅኔ አይቀኝም" ብለው ጽፈዋል። የራሳቸውንም ስሕተት በራሳቸው ስም በዚያው ምዕራፍ አስፍረዋል። ጽሑፉን ያነበበ አንድ አርታኢ ስማቸው ከምዕራፉ ቢሰረዝ እንደሚሻል መክሯቸው ነበር። "ስሜ ከተሰረዘ ምዕራፉ ሁለተኛ ሪፖርት ይሆናል" አሉት። በዚህ ምክንያት መጽሐፉ እስካሁን አልታተመም። ወይዘሮ ዘነበች እንደ ቀድሞው እያነበቡ ተይበውታል፤ ያልገባቸውንም ሁሉ አስለውጠዋል።

የ1980ው ሪፖርት እንዲታረም ለሚመለከታቸው አራት ጊዜ ጽፈው ነበር። የመጨረሻው መልስ ፋይሉ ሊገኝ እንዳልቻለ የሚገልጽ ነው። ያልተገኘ ፋይል ሊታረም ስለማይችል ነገሩ እዚያ ላይ ቆሟል። በኋላ ከመጣባቸው ሕመም ይልቅ ያሳሰባቸው ይህ ነበር።

በ2016 ዓ.ም. የሳንባ ሕመም ጀመራቸው። በደብረ ብርሃንና በአዲስ አበባ በሐኪም ሲረዱ ቆይተው፣ ያለፈው ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ቤቴ ውሰዱኝ ብለው ወደ ራቤል ተመለሱ። የዛሬ ሁለት ሳምንት ገደማ፣ ዛሬ በምንኵስና ስማቸው እማሆይ ወለተ ማርያም የሚባሉት ወይዘሮ አየለች ከቀየት ስልክ አስደወሉ። ጆሯቸው ስለ ደከመ ከዚህ በኩል የሚባለውን አይሰሙም፤ ስለዚህ እሳቸው ብቻ ተናገሩ። ስልኩ በመምህር አትናቴዎስ ጆሮ ላይ ተይዞ ክፍሉ ውስጥ ያለነው ሁላችን ሰማን፦

"አትናቴዎስ፣ ቀድመኸኝ ልትሄድ ነው አሉኝ። ልጄን ስታገኘው፣ እናትህ ለቅሶህን አስተካክላዋለች በለው። በግልጽ ንገረው። እንደዚያን ጊዜው እንዳታደርገው።"

መምህር አትናቴዎስ ሳል እስኪያቋርጣቸው ድረስ ሳቁ። ከዚያ በኋላ ብዙ አልተናገሩም።

የካቲት 3 ቀን 2018 ዓ.ም. ማለዳ፣ ሥጋ ወደሙ በተቀበሉ በማግሥቱ፣ በተወለዱ በሰባ ሁለት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘነበች፣ ልጆቻቸው ምሥራቅና አፈወርቅ፣ የልጅ ልጆቻቸው ቤተልና ገሊላ፣ ሁለት እኅቶቻቸው፣ እንዲሁም በዚህ ቤት ከወንድም የማይለዩት አቶ አወቀ ከኋላቸው ቀርተዋል። ሃያ ዓመት ያስተማሯቸው ተማሪዎችም ከዚሁ ቤተሰብ ይቆጠራሉ።

ለሐኪሞች፣ ለካህናት፣ መንገዱ አስቸጋሪ ሆኖ ሳለ ከቀየትና ከዓለም ከተማ ለመጣችሁ ወገኖች ሁሉ ቤተሰቡ ምስጋናውን ያቀርባል።

መምህር አትናቴዎስ በዕለተ ቀብራቸው ስለ ዕውቀታቸው ብዙ እንዳይነገር አዝዘዋል። በምትኩ የሚከተለው ቃል በዚህ ወረቀት ላይ ታትሞ በሰው እጅ እንዲገባ፣ ሳይጨመርበትና ሳይቀነስበት በመጨረሻ እንዲነበብ በኑዛዜያቸው ጠይቀዋል፤ ወይዘሮ ዘነበችም አንብበውት ይገባል ብለዋል፦

"መቶ አለቃ ተክለጻድቅ በዕውቀቱ ትእዛዝ አልጣሱም። የታዘዙትን ፈጽመው ሞቱ። ትእዛዙ የተነገረበት ቃል ሁለት ትርጉም ነበረው፤ ቃሉን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። አዛዡን ጥፋተኛ የሚያደርገውን ሪፖርት እውነት አለመሆኑን እያወቅሁ የገለበጥኩትም እኔ ነኝ። ይህን የምትሰሙ ሁሉ ምስክሮች ናችሁ።"

ሙታንን ሁሉ በየስማቸው የሚጠራ አምላክ የመምህር አትናቴዎስን ነፍስ ይቀበል፤ በዚያ ሸንተረር ላይ ከቀሩት ከስድሳ ሰባቱ ጋርም በአንድ ዕረፍት ያሳርፍልን። አሜን።